የሌጂዮኔላ ባክቴሪያን በሕንፃ የውሃ መስመር ውስጥ መከላከልና በሽታው ሲጠረጠር መመርመር፦ ለጎጃም ሆቴሎች፣ ሆስፒታሎችና የተማሪ ማደሪያዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉት ከተሞች ሆቴል፣ ሆስፒታል፣ የተማሪዎች ማደሪያ ወይም ሌላ ባለ ፎቅ ሕንፃ ለሚያስተዳድሩ፣ የቧንቧ መስመሩን ለሚጠግኑ እንዲሁም የሳንባ ምች ሕሙማንን ለሚያክሙ ባለሙያዎች ነው። የሌጂዮኔርስ በሽታ ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ የሚያስከትለው ከባድ የሳንባ ምች ነው። ባክቴሪያው በወንዝና በሐይቅ ውሃ ውስጥ በጥቂቱ ይኖራል፤ እዚያ እያለ የሚጎዳው ሰው እምብዛም ነው። አደጋው የሚመጣው ወደ ሕንፃ ገብቶ ለብ ያለና የቆመ ውሃ አግኝቶ ሲራባ፣ ከዚያም ውሃው በሻወር ወይም በሌላ መሣሪያ ወደ ደቃቅ ብናኝ ተለውጦ ወደ ሳንባ ሲሳብ ነው። በተለምዶ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ሲታመም የሚፈለገው ያስያዘው ሰው ሳይሆን ያስያዘው ውሃ ነው።

በሽታው መጀመሪያ የታወቀው በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ፣ ቤልቪው ስትራትፎርድ በተባለ ሆቴል የተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮች በሳንባ ምች ታመው በርካቶቹ በሞቱበት ጊዜ ነበር፤ ባክቴሪያውም በማግሥቱ ዓመት በጥር ወር ተለይቶ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ከታዩት ትልልቅ ወረርሽኞች ብዙዎቹ ከታላላቅ ሕንፃዎችና ፋብሪካዎች የማቀዝቀዣ ማማ (ውሃ እየረጨ ሙቀትን ወደ አየር የሚያስወጣ መሣሪያ) ጋር የተያያዙ ስለ ነበሩ፣ በውጭ አገር የተዘጋጁት መመሪያዎች ስለዚሁ ማማ ሰፋ አድርገው ይጽፋሉ። ማማው በጎጃም ከፋብሪካዎች ውጭ እምብዛም አይገኝም። በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የክፍል አየር ማቀዝቀዣም ውሃ ወደ አየር ስለማይረጭ የዚህ በሽታ ምንጭ ተደርጎ አይታይም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በጎጃም ያለ የሕንፃ ኃላፊ ፍተሻውን መጀመር ያለበት ጣሪያ ላይ ካለው ታንከርና መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከተሰቀለው ቦይለር ነው። የውሃ ፈረቃና የመብራት መቆራረጥ እነዚህን ሁለቱን ባክቴሪያው የሚመቸው ዓይነት ቦታ ሊያደርጋቸው ይችላልና።

ባክቴሪያው የሚራባበት ሁኔታ

ሌጂዮኔላ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይራባል፤ ከሁሉም የሚመቸው ከሰውነት ሙቀት ጋር የሚቀራረበው ነው። ከ20 ዲግሪ በታች ባይሞትም አይባዛም። በ50 ዲግሪ ለመሞት ሰዓታት ይፈጅበታል፤ በ60 ዲግሪ ግን አብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፤ በ70 ዲግሪ ደግሞ ወዲያው ይሞታል ማለት ይቻላል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ እንደሚል የታወቀ ነው፤ በባሕር ዳር 94፣ በደብረ ማርቆስ ደግሞ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ይህም ቢሆን ባክቴሪያው ከሚሞትበት በብዙ የሚበልጥ ስለ ሆነ፣ በደጋው አገር ማፍላት አይሠራም የሚለው ስጋት ለዚህ ባክቴሪያ ቦታ የለውም።

ከሙቀቱ ሌላ መጠለያና ምግብ ያስፈልገዋል። በቧንቧ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ሙልጭልጭ ሽፋን፣ በታንከር ግርጌ የሚተኛው ደለል፣ በቦይለር ውስጥ የሚከማቸው ኖራ መሰል ዝቃጭ፣ ዝገትና የጎማ ቱቦ ሁሉ ለዚህ ያገለግላሉ። ከዚህም በላይ በውሃ ውስጥ በሚኖሩ አሜባዎች ሆድ ገብቶ ስለሚራባ፣ ነጻውን ባክቴሪያ የሚገድል የክሎሪን መጠን አሜባ ውስጥ ያለውን ሊያልፈው ይችላል። ደለሉን ሳያወጡ በክሎሪን ላይ ክሎሪን መጨመር የማያዋጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

መስመሩን ተከትሎ ንድፍ መሥራት

የመጀመሪያው ሥራ ውሃው ከቆጣሪው ተነስቶ እስከ መጨረሻው ቧንቧ ድረስ የሚሄድበትን መንገድ በእግር እየተከተሉ በወረቀት ላይ መሣል ነው። የሕንፃው የመጀመሪያ ንድፍ ካለ ጥሩ መነሻ ይሆናል፤ ሆኖም በጊዜ ብዛት ክፍሎች ስለሚፈርሱና ስለሚጨመሩ በእሱ ብቻ መተማመን አይገባም። ሥራውን መስመሩን የሚያውቀው የቧንቧ ሠራተኛ፣ የመብራት ሠራተኛውና ኃላፊው አብረው ቢያደርጉት ይመረጣል፤ ሆስፒታል ከሆነ የኢንፌክሽን መከላከል ኃላፊዋ ነርስ ልትጨመር ይገባል።

በንድፉ ላይ የውሃው ምንጭ የከተማ መስመር፣ የጉድጓድ ውሃ ወይም በቦቴ የሚመጣ መሆኑ፣ እያንዳንዱ ታንከር የሚይዘው መጠንና የተቀመጠበት ቦታ፣ እያንዳንዱ ቦይለር፣ እያንዳንዱ ሻወርና የእጅ መታጠቢያ ይመዝገብ። ከሁሉም ይበልጥ በጥንቃቄ መፈለግ ያለበት ጫፉ የተደፈነ ቧንቧ ነው። መታጠቢያ ቤት ወደ ዕቃ ቤት ሲለወጥ ሲንኩ ይነሣና ቧንቧው በታፓ ተደፍኖ ግድግዳ ውስጥ ይቀራል፤ በዚያ የቀረው ውሃ ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ ይቆይና በአጠገቡ የሚያልፈውን ውሃ ይበክላል። እንዲህ ያለው ቧንቧ ከዋናው መስመር ከሚነሣበት ቦታ ላይ ይቆረጥ እንጂ ጫፉን ደፍኖ መተው አይበቃም።

ከዚያ ቀጥሎ ውሃ ወደ ብናኝ የሚለወጥባቸው ቦታዎች ሁሉ በሌላ ቀለም ምልክት ይደረግባቸው፦ ሻወር፣ የሚረጭ ፏፏቴ፣ የመኪና ማጠቢያ፣ የሙቅ ውሃ ገንዳ፣ የጥርስ ሕክምና ወንበር፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የአየር እርጥበት መጨመሪያ። በባልዲ ተቀድቶ በጆግ የሚፈስ ውሃ የሚፈጥረው ብናኝ ከሻወር በጣም ያነሰ ነው፤ ይህ ነጥብ በኋላ በምርመራው ጊዜ ይጠቅማል። የማቀዝቀዣ ማማ ያለበት ፋብሪካ ለማማው ብቻ የተለየ የኬሚካልና የጽዳት ሥርዓት ያስፈልገዋል፤ ያ በዚህ መመሪያ አይሸፈንም።

ታንከርና ቀዝቃዛ ውሃ

ቀዝቃዛ ውሃ ከ20 ዲግሪ በታች ቢሆን ይመረጣል። በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ቅዝቃዜ ይህን ማግኘት ብዙም አያስቸግርም። በባሕር ዳር ግን በበጋ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ሮቶ ውስጥ ያለ ውሃ ቀኑን ሙሉ ለብ ብሎ ይውላልና በቅዝቃዜ ብቻ መተማመን አይቻልም። በመሆኑም ሦስት ነገሮች በአንድነት መደረግ አለባቸው፤ ታንከሩን ከፀሐይ መከለል፣ ውሃው ቶሎ እንዲለዋወጥ ማድረግና የክሎሪኑን መጠን መጠበቅ።

መከለሉ ቀላል ነው፤ በቆርቆሮ ዳስ መሸፈን ይበቃል፤ አዲስ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ነጣ ያለ ቀለም ያለው ይመረጥ። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም፣ የአየር መውጫውና የትርፍ ውሃ መውረጃው በወንፊት የተሸፈነ መሆኑ ይረጋገጥ፤ አቧራ፣ ነፍሳትና የወፍ ኩስ ለባክቴሪያው ምግብ ናቸው።

መለዋወጡ ግን ያስቸግራል። በመርህ ደረጃ ታንከሩ የያዘው ውሃ በአንድ ቀን ውስጥ ቢያልቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ለአንድ ቀን ብቻ የሚበቃ ታንከር ይኑርህ ብሎ ሆቴል መምከር ሆቴሉን ዝጋ ብሎ እንደ መምከር ነው። መፍትሔው አንድ ትልቅ ታንከር ከማስቀመጥ ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት አነስተኛ ታንከሮችን በየራሳቸው ቫልቭ አድርጎ ማስቀመጥና አንዱ ሲያልቅ ወደ ሌላው በተራ እየዞሩ መጠቀም ነው። እንዲህ ሲሆን ለማጠብም ሁሉንም አገልግሎት ማቋረጥ አያስፈልግም። ሁለት ታንከሮች በቧንቧ ተያይዘው ውሃ የሚገባውም የሚወጣውም በአንደኛው ብቻ ከሆነ፣ ሁለተኛው ሳይንቀሳቀስ የሚቆም ኩሬ ስለሚሆን ውሃው በአንደኛው ታንከር እንዲገባ፣ በሌላው ታንከር በኩል እንዲወጣ ተደርጎ ይስተካከል።

ውሃ ከተቋረጠ በኋላ ሲመለስ የቧንቧውን ግድግዳ ሽፋን እየላጠ ደፍርሶ ይመጣል። ይህ የመጀመሪያው ድፍርስ ውሃ ወደ ታንከር እንዲገባ መፍቀድ ትልቅ ጥፋት ነው። ከቆጣሪው ቀጥሎ አንድ ማፍሰሻ ቧንቧ ይገጠምና፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ወደ ባልዲና በርሜል እየተቀዳ ለወለል መወልወያና ለሽንት ቤት ይዋል።

የክሎሪን ቅሪት በየጠዋቱ በመለኪያ ኪት ይለካ፤ ከታንከሩ በጣም በራቀው ቧንቧ ላይ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም መገኘት አለበት። ውሃው ብዙ ቀን ከቆየ ክሎሪኑ ተንኖ ስለሚያልቅ መጨመር ያስፈልጋል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና በሊትር 50 ግራም ክሎሪን ይይዛል፤ ስለዚህ 5,000 ሊትር ውሃ ላይ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ለመጨመር 2.5 ግራም፣ ማለትም 50 ሚሊ ሊትር በረኪና ይበቃል። በረኪናው ሽቶና ሳሙና ያልተጨመረበት ይሁን፤ ፀሐይ ላይ የቆየ ወይም ከተመረተ ብዙ ጊዜ ያለፈው ጉልበቱን ስለሚያጣ፣ ከጨመሩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና መለካት ግዴታ ነው።

ታንከሩ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ደለል በሚበዛበት ቦታም በየስድስት ወሩ ይታጠብ። ውሃው ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ ደለሉ ይዛቅ፣ ግድግዳው በብሩሽ ይፈተግ፣ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ይሞላና በሊትር 50 ሚሊግራም ክሎሪን ተደርጎበት አንድ ሰዓት ይቆይ። ለ1,000 ሊትር ታንከር ይህ አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና፣ ወይም 65 በመቶ ጉልበት ካለው የክሎሪን ዱቄት 77 ግራም ያህል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ቤቱ የሚወስደው ቫልቭ ተዘግቶ ነዋሪው ወይም እንግዳው ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ይደረግ፤ ሲያልቅ ውሃው ተደፍቶ ታንከሩ ይለቅለቅ። ወደ ታንከር ውስጥ የሚገባ ሠራተኛ ብቻውን አይግባ፤ ከውጭ የሚጠብቀው ሰው ይኑር።

ቦይለርና ሙቅ ውሃ

የመብራት ወጪ ለመቀነስ ሲባል የቦይለሩን መቆጣጠሪያ 40 ወይም 45 ላይ ማድረግ የተለመደ ነው። ለገላ መታጠቢያ የሚበቃ ሙቀት ስለ ሆነ እንግዳው አያማርርም፤ ባክቴሪያው ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም። ቦይለር ውስጥ ያለው ውሃ 60 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ሙቅ ውሃው ቧንቧው ከተከፈተ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 50 ዲግሪ፣ በሆስፒታል ደግሞ 55 ዲግሪ ሆኖ መውጣት ይኖርበታል። ገንዘብ መቆጠብ የፈለገ ኃላፊ ሙቀቱን ከመቀነስ ይልቅ የሚበራበትን ሰዓት ቢቀንስ ይሻለዋል፤ ለምሳሌ ማታና ንጋት ላይ ብቻ አብርቶ በእነዚያ ሰዓታት 60 ዲግሪ ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት እንዲቆይ ማድረግ ይችላል። በቦይለሩ ላይ ያለው ቁጥር ሁልጊዜ እውነተኛውን ሙቀት ስለማይናገር የሚታመነው ቧንቧው ሥር የተያዘው ቴርሞሜትር ነው።

60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ቆዳ ላይ ሲያርፍ በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል። ሕፃናት፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በሚታጠቡበት ቦታ ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅል፣ ሙቀቱን የሚገድብ ቫልቭ ይገጠም፤ ከቫልቩ በኋላ ያለው ውሃ ለብ ያለ ስለሚሆን ቫልቩ ለሻወሩ በጣም የቀረበ መሆን አለበት። ቫልቩ ባይገኝ ማስጠንቀቂያ በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ፣ ማንበብ ለማይችሉም በቃል ይነገር።

መብራት ለብዙ ሰዓት ሲጠፋ ቦይለሩ ቀስ በቀስ በርዶ ባክቴሪያው በሚራባበት ሙቀት ውስጥ ይቆያል። መብራቱ እንደ ተመለሰ ወዲያው መታጠብ አይገባም፤ ውሃው 60 ደርሶ አንድ ሰዓት ይቆይ። ጀነሬተር ያለው ሆስፒታል ለእናቶችና ለፅኑ ሕሙማን ክፍል የሚሄደውን ቦይለር ከጀነሬተሩ ጋር ማገናኘት ይኖርበታል። በፀሐይ የሚሞቀው ቦይለር ሌላ ጠባይ አለው፤ በበጋ በቀላሉ ከ60 ያልፋል፣ በሐምሌና በነሐሴ ግን ቀኑን ሙሉ ደመና በሚውልባቸው በእንጅባራ፣ በደብረ ማርቆስና በመሳሰሉት ከተሞች ለሳምንታት ከ35 እና ከ40 ፈቅ ላይል ይችላል። እንዲህ ያለው ቦይለር በመብራት የሚሠራ ማሞቂያ ተጨምሮለት በቀን አንድ ጊዜ ወደ 60 ዲግሪ እንዲደርስ ይደረግ፤ ያ ካልተቻለ በክረምት በሱ ሻወር መውሰድ ቢቀር ይመረጣል።

የቦይለሩ ግርጌ ያለው ማፍሰሻ በየሦስት ወሩ ተከፍቶ ዝቃጩ ይውጣ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ተፈትቶ ማሞቂያው ላይ የተጋገረው ኖራ ይጠረግ። ይህን ሲሠሩ መብራቱ ከዋናው መቆጣጠሪያ መጥፋቱ ይረጋገጥ።

የቆመ ውሃን ማፍሰስ

ያልተከራየ ክፍል፣ ለዕረፍት የተዘጋ ማደሪያ፣ ሕሙማን የማይተኙበት የሆስፒታል ክንፍ ሁሉ በቧንቧው ውስጥ የቆመ ውሃ ይዟል። ሳምንት ሙሉ ያልተከፈተ ቧንቧና ሻወር በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በሆስፒታል ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ ሙቁም ቀዝቃዛውም ለየብቻ ለጥቂት ደቂቃ፣ ሙቀቱ መለዋወጡን እስኪያቆም ድረስ ይፍሰስ። የውሃ ችግር ባለበት ከተማ ውሃ ማፍሰስ ኃጢአት ይመስላል። ስለዚህ በባልዲ እየተቀዳ ለጽዳት፣ ለሽንት ቤትና ለአትክልት እንዲውል ሥርዓት ይበጅለት፤ ሠራተኞች ሥራውን ሳይተዉት የሚቀጥሉት ብክነት አለመሆኑን ካዩ ነው።

አፈሳሰሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሻወሩን ራስ ፈትቶ ማፍሰስ፣ ወይም ራሱን በላስቲክ ከረጢት አስሮ የከረጢቱን ጫፍ ቆርጦ ወደ ባልዲ ማውረድ ብናኙን ያስቀራል። መስኮቱ ይከፈት፤ የሚያፈስሰው ሰው ከፍቶ ይውጣ እንጂ ቆሞ አይጠብቅ። የሽንት ቤት ክዳን ካለ ተዘግቶ ይለቀቅ።

ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ተማሪ ከመግባቱ በፊት፣ የጣና ገዳማትን ለማየት እንግዳ የሚመጣባቸው ሆቴሎችም የክረምቱ ጊዜ ከማለቁ በፊት አንድ ሙሉ የመክፈቻ ሥራ ይጠብቃቸዋል። መጀመሪያ ታንከሩ ይታጠባል፤ ከዚያ ቦይለሮቹ 60 ደርሰው አንድ ሰዓት ከቆዩ በኋላ ለታንከሩ ከሚቀርበው ቧንቧ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ድረስ በተራ ይፈስሳል። በተቃራኒው ከሩቁ መጀመር ቆሻሻውን በሌሎቹ ክፍሎች ላይ መሳብ ስለሚሆን ተራው ይጠበቅ።

የሻወር ራስ በየሦስት ወሩ ተፈትቶ በአቼቶ ውስጥ ተዘፍዝፎ ኖራው ይለቀቅ፣ በብሩሽ ይፈተግ፣ በብዙ ውሃ ከታጠበ በኋላም በክሎሪን ውሃ ውስጥ ይቆይ። አቼቶና በረኪና ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም፤ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል።

ለሆስፒታሎች ብቻ

ኦክስጅን የሚወስድ ሕመምተኛ አጠገብ ያለችው የማርጠቢያ ጠርሙስ ከሻወር ይልቅ ልታሳስብ ይገባል፤ ብናኙን በቀጥታ ለታመመ ሳንባ ታቀርባለችና። ይህች ጠርሙስም ሆነች መድኃኒት በብናኝ መልክ የሚሰጥበት ኔቡላይዘር የሚሞሉት በተመከነ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ ለማጠብም ቢሆን አይሁን፤ ከታጠበ በኋላ በተመከነ ውሃ ይለቅለቅና ይድረቅ። ትርፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ላይ አዲስ ውሃ መጨመር ይቅር፤ አሮጌው ተደፍቶ ነው የሚሞላው። ሰውነታቸው የመከላከል አቅም ያጣ፣ የካንሰር መድኃኒት ወይም ብዙ ስቴሮይድ የሚወስዱ ሕሙማን ሻወር ከመውሰድ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ቢታጠቡ የተሻለ ነው።

መዝገቡና ላቦራቶሪው

ሙቀት፣ የክሎሪን ቅሪት፣ የፈሰሱ ክፍሎች፣ የታጠቡ ታንከሮች፣ መብራትና ውሃ የተቋረጠባቸው ቀናት በአንድ መዝገብ ላይ ከቀንና ከፊርማ ጋር ይጻፉ። ከቦይለር ወይም ከታንከር ቅርብ የሆነ አንድ ቧንቧና በጣም የራቀ አንድ ቧንቧ በየወሩ ይለኩ፤ ሌሎቹ በዓመት ውስጥ በተራ ይዳረሱ። ይህ ሳይደረግ ገንዘብ አውጥቶ ውሃን በላቦራቶሪ ማስመርመር ትርፉ ትንሽ ነው፤ ዛሬ ባክቴሪያ አልተገኘም ማለት በሚቀጥለው ሳምንት ቦይለሩ 40 ላይ ሲደረግ አይገኝም ማለት አይደለም። ምርመራው የሚጠቅመው ሥርዓቱ መሥራቱን ለማረጋገጥ፣ ሙቀቱን መጠበቅ ያልተቻለበትን መስመር ለመለየትና ሕመምተኛ ሲገኝ ነው።

ለቧንቧ ውሃ በአውሮፓ ሕግ የተቀመጠው ወሰን በሊትር ከ1,000 ቅኝ (በላቦራቶሪ ሲበቅል የሚቆጠር የባክቴሪያ ክምር) ያነሰ ነው። በሆስፒታል ውስጥ ግን ከ100 ጀምሮ ምክንያቱ ይፈለጋል፤ ለከፍተኛ አደጋ የተጋለጡ ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል ጨርሶ ባይገኝ ነው የሚፈለገው።

በሽታው ሲጠረጠር

ሕመሙ ከተጋለጡበት ቀን አንሥቶ በአብዛኛው ከ2 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይጀምራል። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ሳል፣ የጡንቻ ሕመምና ትንፋሽ ማጠር የሳንባ ምች ሁሉ ምልክቶች ናቸው፤ ከእነዚህ ጋር ተቅማጥ፣ ግራ መጋባት ወይም በደም ውስጥ የሶዲየም ማነስ ከታየ ሐኪሙ ይህን በሽታ ያስብ። ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ፣ የሚያጨሱ፣ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ወይም ስኳር ያለባቸው ይበልጥ ይጠቃሉ። በሽታው ከያዛቸው ሰዎች ከአሥሩ አንዱ ያህል ይሞታል፤ በሆስፒታል ውስጥ ሳሉ የያዛቸው ከሆነ ደግሞ ሞቱ ይበረክታል።

ባክቴሪያው በሰው ሕዋስ ውስጥ ተደብቆ ስለሚራባ ሴፍትሪያክሶንና አሞክሲሲሊን የተባሉት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች አይሠሩበትም። በሴፍትሪያክሶን ሁለትና ሦስት ቀን ታክሞ ያልተሻለው ሕመምተኛ ሲገኝ፣ ከሳንባ ነቀርሳና ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ይህም ይታሰብ። አዚትሮማይሲንና ሌቮፍሎክሳሲን ይሠሩበታል፤ ሕክምናው የምርመራ ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም።

በሽንት የሚደረገው ፈጣን ምርመራ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ይሰጣል፤ ነገር ግን በዋናነት የሚያገኘው ሌጂዮኔላ ኒሞፊላ ከተባለው ዝርያ ቡድን 1 የሚባለውን ብቻ ነው፤ አለመገኘቱ በሽታው የለም አያሰኝም። ስለዚህ አክታም አብሮ ይወሰድ። ሽንቱ ብቻ ከተመረመረ ሕመምተኛውን ያስያዘውና ከሻወሩ የተገኘው ባክቴሪያ አንድ መሆናቸውን ማረጋገጥ አይቻልም፤ ለዚያ ከአክታው የበቀለ ባክቴሪያ ያስፈልጋል።

አንድ ሕመምተኛ ሲረጋገጥ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ በእሱም በኩል ዞኑና ባሕር ዳር የሚገኘው የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይነገራቸው። ከዚያ ሕመምተኛው ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት 14 ቀናት የት አደረ፣ የት ታጠበ፣ የትኛው ሕክምና ቤት ገባ፣ የጥርስ ሕክምና አድርጎ ነበር ወይ፣ የሚለው ቀን በቀን ይጠየቅ። መናገር ካልቻለ ቤተሰቡ ይጠየቅ። ከሕመሙ በፊት 10 ቀንና ከዚያ በላይ ሳያቋርጥ ሆስፒታል ተኝቶ የነበረ ሰው በሽታውን ያገኘው እዚያው ስለሚሆን፣ አንድ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ብቻውን ሙሉ ምርመራ ያስጀምራል። በአንድ ሆቴል ያደሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከታመሙም እንደዚሁ ይደረግ። ቀጥሎ የሆስፒታሉ የሳንባ ምች መዝገብና የሆቴሉ የእንግዳ መዝገብ ወደ ኋላ ተመልሶ ይታይ፤ እንግዳው አዲስ አበባ ወይም ሌላ ከተማ ከተመለሰ በኋላ ስለሚታመም በሆቴሉ ውስጥ የታመመ የለም ማለት ምንም አያረጋግጥም። የሕሙማኑ ክፍሎች ቀደም ሲል በተሣለው ንድፍ ላይ ይታዩ፤ ሁሉም በአንድ ታንከር ሥር ወይም በአንድ መስመር ጫፍ ከተገኙ ፍለጋው ጠበበ ማለት ነው።

ናሙና አወሳሰድ

ሕመምተኛ መገኘቱን የሰማ ኃላፊ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ነገር በዚያው ሌሊት ታንከሩን በክሎሪን መሙላት ነው። በዚህ የሚጠፋው ማስረጃ የማይመለስ ስለ ሆነ፣ ምንጩ የት እንደ ነበር ሳይታወቅ ይቀራል፤ ከወራት በኋላም ሌላ ሰው ሊታመም ይችላል። ሰውን ለመጠበቅ ወዲያው የሚወሰደው እርምጃ ሻወሮቹን መዝጋትና እንግዳውን ወይም ሕመምተኛውን በባልዲ እንዲታጠብ ማድረግ ነው። ናሙናው በፍጥነት ከተወሰደ በኋላ ክሎሪኑ በዚያው ቀን ሊጨመር ይችላል።

ናሙና የሚወስደው ሰው ኤን95 ጭምብል ያድርግ። አንድ ሊትር የሚይዝ፣ የተመከነና ክሎሪኑን የሚያረክስ ሶዲየም ታዮሰልፌት የተጨመረበት ጠርሙስ ይዘጋጅ፤ ይህ ካልተጨመረ በጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ክሎሪን ባክቴሪያውን እየገደለ ላቦራቶሪ ይደርሳል። ከእያንዳንዱ ቦታ በመጀመሪያ ምንም ሳይፈስ፣ ቧንቧውም ሳይጠረግ፣ አንድ ጠርሙስ ይሞላ፤ ይህ በቧንቧው ጫፍና በሻወሩ ራስ ያለውን ያሳያል። ከዚያ በፊት የሻወሩ ራስ ውስጥ በተመከነ ጥጥ ተጠርጎ ጥጡ በጥቂቱ ከዚያው ውሃ ጋር በትንሽ ጠርሙስ ይከተት። ውሃው ለጥቂት ደቂቃ ፈስሶ ሙቀቱ ከረጋ በኋላ ሁለተኛ ጠርሙስ ይሞላ፤ ይህ ደግሞ ከመስመሩ ወይም ከቦይለሩ የሚመጣውን ያሳያል። የመጀመሪያው ብቻ ከተበከለ ችግሩ እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ ሁለቱም ከተበከሉ መስመሩ በሙሉ ይፈተሽ። በየጠርሙሱ ላይ የክፍል ቁጥር፣ ሰዓት፣ ሙቀትና የክሎሪን ቅሪት ይጻፍ።

ሕሙማኑ ካረፉባቸው ክፍሎች በተጨማሪ ከታንከሩ፣ ከቦይለሩ ግርጌ፣ ከሩቅ ቧንቧና ለማነጻጸሪያ ሕመምተኛ ከሌለበት ወለል ይወሰድ። ጠርሙሶቹ ከፀሐይ ተከልለው፣ በረዶ ሳይነካቸው ቀዝቀዝ ባለ ሣጥን ተጭነው በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ቢደርሱ ይመረጣል። ከመንገዱ ርቀት ይልቅ አስቀድሞ ከላቦራቶሪው ጋር አለመነጋገር ነው ናሙና የሚያበላሸው፤ ባክቴሪያው አጋር በተባለ፣ ከሰል በተቀላቀለበት የተለየ ማብቀያ ላይ እስከ 10 ቀን ስለሚበቅል ባለሙያው አጋሩን ማዘጋጀት አለበትና ከጉዞው በፊት ይነገረው።

ማጽዳትና ክትትል

ናሙናው ከተወሰደ በኋላ የሚጸዳው መስመር በሙቀት ወይም በክሎሪን ይታከማል። በሙቀት ከሆነ ቦይለሩ 70 ዲግሪ ይደርስና በእያንዳንዱ ቧንቧና ሻወር ከ60 ያላነሰ ውሃ ለ5 ደቂቃ ይፈስሳል፤ በዚያ ሰዓት ሰው እንዳይቃጠል ክፍሎቹ ባዶ ይሁኑ። አንድ ክፍል አንድ ትንሽ ቦይለር ባለበት ሕንፃ ይህ ዘዴ ይቀልላል። በክሎሪን ከሆነ በታንከሩ በሊትር 20 ሚሊግራም ተደርጎ በየቧንቧው ሽታው እስኪወጣ ከተሳበ በኋላ ለሁለት ሰዓት ይቆይና ይለቀቃል፤ እስኪለቀቅ ድረስ ማንም እንዳይጠጣው ይጠበቅ። በሁለቱም መንገድ ከመጀመር በፊት ደለሉ ይውጣ፣ የሻወር ራሶች ይለወጡ ወይም ይታጠቡ፣ የተደፈኑት ቧንቧዎች ይቆረጡ። ይህ ሳይደረግ የተደረገ ማጽዳት ባክቴሪያውን ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ያሸሸዋል።

ማጽዳቱ ካለቀ በኋላ ለሦስት ወር በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ ለሌላ ሦስት ወር በየወሩ ከእነዚያው ቦታዎች ናሙና ይወሰድ። ሻወሮቹ ለአገልግሎት የሚከፈቱት የመጀመሪያው ውጤት ንጹሕ ሆኖ ሲመጣና የሙቀቱ መዝገብ በየቀኑ ከ60 አለመውረዱን ሲያሳይ ነው። በመካከሉ ባክቴሪያው በአንድ ቦታ እንኳ ተመልሶ ከታየ ወይም አዲስ ሕመምተኛ ከተገኘ፣ የሦስት ወሩ ቆጠራ ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ይጀመራል።